ጥቁሩ ጨርቅ በሚስተር ራግ መኝታ ቤት

ሚስተር ኤፍሬም ራግ ሞተው በተገኙበት ጠዋት ብርዱ አፍንጫ ይቆርጥ ነበር። እኔ ከመንገዱ ማዶ ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ዳቦዬ ላይ የሥጋ ሞራ እቀባለሁ። የሚስተር ራግ ሠራተኛ ኔል ጮኸች። ኔል አይጥ ስታይም ስለምትጮህ ቢላዬን አላስቀመጥኩም። ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ግን የአይጥ እንዳልሆነ ገባኝና ሻሌን ደርቤ ሮጥኩ። በሰፈራችን በበርመንዚ ጎረቤት እየጮኸ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው።

ከኔል ጋር ደረጃውን የወጣነው እኔና ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው ፖሊስ፣ ኮንስታብል ፓይክ ነን። ሽማግሌው በጀርባቸው ተጋድመዋል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ተስቧል፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ እጆቻቸው በግራና በቀኝ ተዘርግተዋል። ፊታቸው ባይጠቁር ኖሮ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነበር የሚመስለው። አንድ ትራስ ወለሉ ላይ ወድቋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጉሙ እየገባ መጋረጃውን አርሶታል፤ የመታጠቢያው ውኃ በሳህኑ ውስጥ በረዶ ሠርቷል። ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ክፈፍ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ሬሳ ባለበት ክፍል መስታወት ይሸፈናል፤ ነፍስ መልኳን አይታ እዚያው እንዳትቀር። «ጎበዝ፣ ኔል እንዲህ ደንግጣ እንኳ ወጉን አልረሳችም» ብዬ በሆዴ አመሰገንኳት።

ብዙም ሳይቆይ ኢንስፔክተር ሆልክ መጣ። ሆልክ በር ሲገባ በጎኑ የሚገባ ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ልጅ ድምፅ ነው።

«ይህን መስኮት ማታ ማን ዘጋው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ኔል። «ሽማግሌው ብርድ አይወዱም።»

«ጠዋት ስትገቢስ?»

«እንዲሁ እንደሚያዩት ክፍት ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ከመስኮቱ አጠገብ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ አለ። «ይህን ማን ይወጣዋል?»

«እኔ አልወጣውም» አለ ፓይክ። «መርከበኛ ግን ይወጣዋል።»

የትኛው መርከበኛ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። የሚስተር ራግ ልጅ ጄቤዝ ከአሥራ አንድ ዓመት የባሕር ሥራ በኋላ በቅርቡ ነው የተመለሰው። ባለፈው እሑድ ከአባቱ በር ላይ ቆሞ «ያለ ጥፋቷ አባረርካት፤ እውነቱን ከአፍህ ሳልሰማ አልሄድም» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ መስኮቱን ከፍቶ ሰምቶታል። ነገሩ የፍቅረኛ ነገር እንደሆነ ተስማምተን ነበር። እኔ እንዲያውም የልጅቷን የፀጉር ቀለም ሳይቀር ወስኜላታለሁ።

ጄቤዝን ከቀትር በፊት ወንዙ ዳር አገኙት። አሮጌ የመርከብ ሸራ ተከናንቦ፣ የጂን አረቄ ጠጥቶ፣ መዳፉ ተፍቆ ተኝቶ ነበር። ሌሊቱን የት እንዳሳለፈ ሲጠይቁት አላውቅም አለ። አሰሩት።

እህቱ ላቪኒያ ያን ሌሊት ግሪንዊች አክስቷ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ አባቷ ሞቶ፣ ወንድሟ ታስሮ ጠበቃት። ወጥ ቤቴ መጥታ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሻይ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

«አባቴን መመለስ አይቻልም፣ ሚስስ ፕራት» አለችኝ። «ጄቤዝን ከሰቀሉት ግን ማን ይቀረኛል?»

የቀዘቀዘውን ደፍቼ ሌላ ሻይ ቀዳሁላት።

* * *

ከቤቴ ፎቅ ላይ ማዳም ዘኖቢያ የምትባል መናፍስት ጠሪ ተከራይታ ትኖራለች። በሩ ላይ የለጠፈችው ወረቀት ግብፅ ውስጥ፣ ከፒራሚድ ሥር እንደተወለደች ይናገራል። እውነተኛ ስሟ ቤቲ ክሌግ ነው፤ የተወለደችው ማንቸስተር፣ ከጥጥ ፋብሪካ ጀርባ ነው። ኪራይ የምትከፍለኝ በትክክለኛ ስሟ ስለሆነ አውቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ መቀበያዬን ታጨልምና ሰፈሩ ከሙታኑ ጋር ይነጋገራል። እኔም ወንበር ስለማከራይ አልቃወምም።

ሚስተር ራግንም ጥር ላይ አንድ ሐሙስ ሰዎች በወንበር ተሸክመው አምጥተዋቸው ነበር። ሚስታቸው ሻርሎት ከሞተች ወዲህ በሕልማቸው እየመጣች አላስተኛ ብላቸው ነው አሉ። ጨለማው ውስጥ ቤቲ በዚያ የመቃብር ድምፅዋ «ያደረግኸውን አውቃለሁ» ስትላቸው፣ ሽማግሌው «ሻርሎት፣ እኔ ነኝ የቀዳሁት፤ ተይኝ» ብለው አለቀሱ። ስለ ወይን ጠጅ መስሎኝ ነበር። መብራቱ ሲበራ ሁላችንም ሳቅን። ከጥግ በኩል አንዲት ባለ ዓይነ ርግብ ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ እሷ ግን ድሮም የምትስቅ አይደለችም።

ጄቤዝ በታሰረ በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተር ሆልክ በጓሮ በር ገባ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል።

«እመቤት ዘኖቢያ፣ የመጣሁት እንደ ፖሊስ አይደለም» አለ።

«ጫማዎ ግን የፖሊስ ነው፣ አለቃ» አለችው ቤቲ።

«ሚስተር ራግን ይጠይቁልኝ ብዬ ነው።»

«ምን ብዬ?»

«ማን እንደገደላቸው።»

ቤቲ አየችኝ። እኔ የሻይ ማፍያውን አየሁ፤ እሷን ባይ ሳቅ ያመልጠኝ ነበር።

«ልጃቸውን አስረው የለም እንዴ?» አለችው።

«አስሬያለሁ። አለቆቼም ደስ ብሏቸዋል። ግን እንቅልፍ አጣሁ።» ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ አለ። «የሽማግሌው ዓይን ተከድኖ ነበር። በትራስ የታፈነ ሰው ዓይኑን ከድኖ አይሞትም፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነው ያለው። አባቱን የገደለ ሰው ቆሞ ዓይን ይከድናል? ደግሞ ኔል ሌሊት ደረጃ ላይ ኮቴ ሰምታለች። አንዱ ደረጃ ሲረግጡት ይጮሃል፤ ያን ሌሊት ግን አልጮኸም ትላለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወጣው ነገር ክብደት የለውም ማለት ነው። ሚስስ ራግ የሞቱት እዚያው አልጋ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አለቃ፣ እርስዎ መንፈስ ይፈራሉ?»

«እርስዎ አይፈሩም?»

«እኔ? ስንት ዓመት ሙሉ ስጠራቸው አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። የመጡ ዕለት እፈራለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ቄሱ ሲራገም የሰማ ሰው መሰለ። ቤቲ ግን መሳቋን ትታ ነበር።

«ሙታን ለእኔ ምንም አይነግሩኝም» አለችው። «ሕያዋንን ግን እሰማለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ክፍሉን ያሳዩኝ።»

«በምን ሰበብ?»

«የሐዘን ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስስ ፕራት መርፌዬን ትይዝልኛለች።»

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መርፌ ፍለጋ ተነሣሁ።

* * *

ከሰዓት በኋላ ወደ ራግ ቤት ተሻገርን። ሬሳው ለምርመራ ተወስዷል። ቤቱ ግን ሰው ያለበት ቤት ዓይነት ዝምታ ነበረው፤ አንድ ሰው እስክንወጣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ኢንስፔክተሩ ኪሱ ውስጥ ያለውን የብረት ቁልፍ ጨብጦ ወጣ። ብረት ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይላሉ፤ እሱ ያመነበት ይመስላል።

ቤቲ የሚጮኸውን ደረጃ ስታገኝ ቆመች። መሃሉን ረገጠችው፣ ጮኸ። ግድግዳውን ተጠግታ ጥጉን ረገጠችው፣ ዝም አለ።

«መንፈስዎ ይኸው፣ አለቃ» አለች። «ክብደት የሌለው ነገር አይደለም። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ጄቤዝ ያውቀዋል።»

«ይወቅ። ግን በመስኮት የገባ ሰው ደረጃ ምን ያደርግለታል?»

ኢንስፔክተሩ በዚያ ክብደቱ ጥጉን ረግጦ ሞከረው፤ አልጮኸም።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቤቲ መሃል ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ጥቁሩን ጨርቅ በአገጯ አመለከተች። «ይህን የሸፈነው ማን ነው?»

«ኔል ናት» አልኩ።

ኔልን ጠራናት። «እኔ አይደለሁም» አለች። «ኮንስታብሉ ናቸው።»

ፓይክን ከበር ጠራነው። «እኔ?» አለ። «ሚስስ ፕራት ናቸው ብዬ አመስግኛቸዋለሁ።»

«እኔ ኔልን ነው ያመሰገንኩት» አልኩ።

ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም። ሁላችንም ወጉን ያደረሰው ሌላው ነው ብለን ተመሰጋግነን ኖሯል። ኔል ከመግባቷ በፊት ጨርቁ እዚያ ነበር።

«ሌባ መስታወት አይሸፍንም» አለች ቤቲ ቀስ ብላ። «መስኮቱም መግቢያ አይደለም፤ ለነፍስ መውጫ የተከፈተ ነው። ሰውየው በደረጃ ወጣ፣ ሽማግሌውን ገደለ፣ ዓይናቸውን ከደነ፣ መስኮት ከፈተላቸው፣ መስታወት ሸፈነላቸው። ገድሎ አዘነላቸው።»

በሩ ላይ ላቪኒያ ቆማ ኖሯል። ስትመጣ አልሰማናትም።

«እሱ እኮ መስታወት አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«መስታወቱ ከበሩ ኋላ ነው።» ገባ ብላ በሩን ከግድግዳው ሳበችው። ከኋላው ረጅም መስታወት ነበር፣ ምንም ያልሸፈነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ውስጡ ታየን፤ ኢንስፔክተሩ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ሰው ሲገባ ሲወጣ በሩ ክፍት ስለሆነ አልታየም። ይህኛው ተሸፍኖ ሳይ ጎረቤት ተሳስቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለደግነት የመጣን ሰው ምን ብዬ እወቅሳለሁ?»

ጨርቁን ሳብ አድርጋ አወረደችው።

ክፈፉ ውስጥ፣ ከመስታወት ሥር፣ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ተከድነዋል። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ራሷን የደገፈላት ነገር ከአንገትጌዋ ኋላ በትንሹ ይታያል።

«እናቴ ናት» አለች ላቪኒያ። «በሕይወቷ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። በሞተች ማግስት ነው ፎቶግራፍ አንሺ ያስመጣነው። አባቴ ይህ ከተሰቀለ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። አውርዱት ግን ብሎ አያውቅም።»

ቤቲ ጣቶቿን በመስታወቱ ላይ አሳለፈች። «በጨለማ ለሚዳስስ እጅ ይህ መስታወት ነው» አለች። «ሻማ አላበራም፤ ሚስስ ፕራት ከማዶ ታየዋለቻ።» ይህን ስትል አልተቀየምኩም፤ እውነት ነው። «ግን እዚህ ቦታ ላይ መስታወት እንዳለ ለምን አሰበ?»

«ድሮ ስለነበረ» አለች ላቪኒያ። «እናቴ በሕይወት ሳለች መስታወቱ የሚሰቀለው እዚህ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። «እንግዲህ የድሮውን ክፍል የሚያውቅ፣ የአሁኑን የማያውቅ ሰው ነው» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው።»

የጄቤዝን ገመድ ልንፈታ መጥተን ይበልጥ አጠበቅነው። ቤቲ ወለሉን አየች። ወደ ቤቴ ሄጄ ምድጃዬ ሥር መቀመጥ አማረኝ።

«አይደለም» አለች ላቪኒያ ድንገት። «አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ይህን ፎቶ የሰቀለው ጄቤዝ ራሱ ነው። መርከብ ከመሳፈሩ በፊት በነበረው ሳምንት፣ መስታወቱን ያዛወረውም እሱ ነው። ሚስማር ሲመታ አውራ ጣቱን ቀጠቀጠ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው። እዚህ ምን እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል።»

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን አየ። ቀስ በቀስ ፊቱ እንደ ሻማ ነጣ።

«ልጆቿ አይደሉም» አለ። «ሠራተኛዋም አይደለችም፤ መስታወቱን እዚህ ደርሳበት አታውቅም። ታዲያ የድሮውን ክፍል ብቻ የሚያውቅ ማን ቀረ?» ከፎቶው ዓይኑን አላነሣም። «እዚህ የሞተችው ራሷ…»

ውጪ ጉሙ መስኮቱን ተደግፎ ነበር። እኔ በመናፍስት አላምንም፤ ሆኖም የፓይክን ክንድ ይዤ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

«አለቃ» አለች ቤቲ። «ሚስስ ራግ ከሆነች የገዛ ፊቷን ለምን ትሸፍናለች? ይቀመጡ እንጂ፣ ከወደቁ የምናነሣዎ ሰዎች አንበቃም።» ከዚያ ወደ ላቪኒያ ዞረች። «ሚስ ላቪኒያ፣ እናትሽ ስትሞት ዓይኗን የከደነላት ማን ነው?»

ላቪኒያ ያወረደችውን ጨርቅ አጠፈችው።

«ሞግዚታችን» አለች። «በዚህ ቤት ስሟ አይነሣም። ቶዚ እንላት ነበር፤ ሀና ቶዘር። እናቴ ስትታመም የምታስታምማት እሷ ናት። አባቴ የእንቅልፍ ጠብታ አብዝታ ሰጥታ ገደለቻት ብሎ በዚያው ቀን ከነሣጥኗ አስወጣት። ሬሳዋን እንኳ እንድታጥብ አልፈቀደም። እኔ አባቴን አመንኩ። ጄቤዝ ግን አላመነም። በእሷ ነው የተጣሉት፣ ያኔም፣ አሁንም። ሞታለች ብሎ ነበር አባቴ።»

የፀጉሯን ቀለም የወሰንኩላት ፍቅረኛ እዚያው ከዓይኔ ጠፋች። በምትኳም ሌላ ሴት መጥታ ቆመች።

«አልሞተችም» አልኩ። «ከቆዳ ማልፊያው ጀርባ ነው የምትኖረው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሰፈራችንን ሬሳ የምታጥበው እሷ ናት። ያን ጠዋት ኔልን ወደ እሷ ልኬ ነበር፣ ሚስተር ራግን እንድታጥብ። ወገቤን አሞኛል ብላ ቀረች። የእኔን ባል ስታጥብ እኮ በረዶው እስከ ጉልበቷ እየደረሰ ነው የመጣችው።»

ቤቲ ዞረችብኝ። «ሀና? ሐሙስ ሐሙስ ጥግ ላይ የምትቀመጠው?»

«ባለ ዓይነ ርግቧ።»

«‹እኔ ነኝ የቀዳሁት›» አለች ቤቲ በሹክሹክታ፤ የገዛ ድምፅዋ እንጂ የመቃብሩ አልነበረም። «ጠብታውን ነው። ‹ያደረግኸውን አውቃለሁ› እኮ ለሁሉም ነው የምለው። ለዳቦ ጋጋሪውም ብዬዋለሁ። ሁሉም ሰው ያደረገው ነገር አለው ብዬ ነው።»

የአልጋውን ራስጌ ተደገፈች። ኢንስፔክተሩ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

* * *

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ በዚያው ጥቁር ጨርቅ ጠቀለለው። እኔ፣ ቤቲና ፓይክ ተከትለነው በቆዳ ማልፊያው ግቢ አልፈን ወደ ሀና ቤት ሄድን። ሽታውን የለመድነው እኛ እንኳ አፋችንን በሻል ሸፍነናል፤ እሱ ግን ፎቶውን በሁለት እጁ ስለያዘ እንባው እየወረደ ሄደ። የሽታው ይሁን የሌላ ነገር አልጠየቅኩትም።

የሀና ክፍል ትንሽና ንጹሕ ነው። ለሬሳ የምትጠቀምበት ካምፎር ይሸታል። እሷም ትንሽ ናት፤ እጆቿ ብቻ ትልልቅና ቀያይ ናቸው። በሩን ከፍታ እኔን ስታይ «ማን ሞቶ ነው፣ ሚስስ ፕራት?» አለችኝ። ሰው እሷ ዘንድ የሚመጣው ለዚህ ብቻ ነውና።

«ማንም አልሞተም፣ ሀና» አልኳት።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ የያዘውንም ወንበር ላይ አቆመው። «ይህ ጨርቅ የእርስዎ ነው?»

«ጥቁር ጨርቅ የሁሉም ቤት ነው።»

«ግለጪው» አለቻት ቤቲ። «ምን እንደሸፈንሽ እዪ።»

ሀና ቀረበች። በዚያ ስንቱን ሬሳ ባጠበ እጇ ጨርቁን ገለጠችው። ቆመች። ቆማ ቀረች። ከጎዳናው የጋሪ ድምፅ መጥቶ ራቀ። ከዚያ አንድ ጣቷን አንሥታ የፎቶውን ሴት ፀጉር በመስታወቱ ላይ ነካችው።

«በግራ አልነበረም የምትከፍለው» አለች። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያበጠራት?»

ጨርቁን በእጇ ጠቀለለችው።

«መስታወት መስሎኝ ነበር» አለች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሩ አልጠየቃትም፤ እሷ ግን እየተጠየቀች እንዳለች ሁሉ ተናገረች። «የጓሮውን በር ቁልፍ ያኔ ስወጣ አልመለስኩትም። ያን ሐሙስ በጨለማ ያመነውን ለልጆቹ ንገራቸው ልለው ብቻ ነው የሄድኩት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ‹አንቺን ማን ያምንሻል?› አለኝ፤ ሳቀብኝ። የቀረውን እጄ ነው የሠራው። ከሞተ በኋላም እጄ ዝም አላለም፤ ዓይኑን ከደነ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ በተከናነብኩት ጨርቅ መስታወቱን ሸፈነ። የለመደውን ነው የሚሠራው። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ መንገድ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ጄቤዝ መታሰሩን ያውቃሉ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«አውቃለሁ። ይፈቱታል። ያልሠራውን ሰው እንዴት ይሰቅላሉ?»

«እኔ ልሰቅለው ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሀና ቀና ብላ አየችው።

«ባልሠራሽው ስትወቀሺ የኖርሽው አንቺ ነሽ» አለች ቤቲ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንቺ ይህን ካላወቅሽ ማን ያውቃል?»

ሀና ፊቷን መለሰች። ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት፤ ዝም ማለት ስለማልችል ሳይሆን ልትሰማው ስለሚገባ። «በአባቱ በር ላይ የጮኸው በአንቺ ነገር ነው፣ ሀና። ‹ያለ ጥፋቷ አባረርካት› ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የተጣላውም፣ የሄደውም፣ የተመለሰውም በአንቺ ነው።»

«ጄቤዝ?» አለች። «እንዲያ አለ?»

«እንዲያ አለ።»

ከዚያ ተነሥታ እጆቿን በሳህኑ ውኃ ታጠበች፣ አደረቀች፣ ፎጣውን አጥፋ ቦታው አስቀመጠች።

«ሻሌን አቀብዪኝ፣ ሚስስ ፕራት» አለች።

* * *

ኢንስፔክተሩ ጄቤዝን እንዲፈቱት ፓይክን አስቀድሞ ወደ ጣቢያው ልኮት ነበር፤ ፓይክም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠነ ይመስለኛል። እኛ የጣቢያውን ደረጃ ስንወጣ ጄቤዝ እየወረደ ነበር። ጢሙ አድጓል፣ ኮቱ ተጨማድዷል፣ ዓይኑ ብርሃን አልለመደም። ለምን እንደተፈታ የነገረው የለም፤ ሂድ ብቻ ነው ያሉት።

ሀናን ከነዓይነ ርግቧ ሲያይ ቆመ፤ ትልልቅ እጆቿን ተመለከተ።

«ቶዚ?»

ሦስት ደረጃ ዘሎ ወርዶ አቀፋት፤ እግሯ ከመሬት ለቀቀ። «ሞታለች አሉኝ» ይላል። «አባቴ ሞታለች አለኝ። የት ነበርሽ? የት ነበርሽ ይህን ሁሉ ዘመን?»

ኢንስፔክተር ሆልክ ባርኔጣውን አውልቆ የጣቢያውን ግድግዳ አንድ በአንድ ድንጋዩን መመልከት ጀመረ። ቤቲም አጠገቡ ቆማ ያንኑ ግድግዳ ታይ ነበር።

«አውርደኝ፣ ሰው ያየናል» አለችው ሀና። ፊቷ ላይ አውርዳው የቆየችውን ዓይነ ርግብ ገልጣ ፊቱን አየችው። ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ምነው እንዲህ ከሳህ? በመርከቡ ላይ ምንድን ነው የሚያበሏችሁ?»

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ይህ ላንቺ የሚሆን ቦታ አይደለም።»

«ትንሽ ጉዳይ አለኝ። አንተ ወደ ቤት ሂድ፤ እህትህ ብቻዋን ናት።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ፤ ብርድ ነው። ሂድ ብዬሃለሁ፣ ጄቤዝ።»

ያ ጢማም መርከበኛ፣ ቧንቧ ይወጣል ብለን የጠረጠርነው፣ ሂድ እንደተባለ ሕፃን ታዘዘ። ሀና ዞራ የቀሩትን ደረጃዎች ወጣች። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከኪሱ አላወጣም። በሩን ለትልቅ እመቤት እንደሚከፈት ከፈተላት፤ ከኋላዋም ገባ።

እኔ ከጄቤዝ ጋር ሄድኩ። ቤቲ ከኋላችን ቀረች። እሱ ግን ይፈጥናል፣ እኔ ከኋላው አለከልካለሁ።

«ቶዚ የምትኖርበትን ያውቁታል፣ ሚስስ ፕራት?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያውስ ነገ ከላቪኒያ ጋር ሄደን እናመጣታለን። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ማን ይከለክለናል?» ጥግ ላይ ስንደርስ ቆሞ ጠበቀኝ። «የፊት ለፊቱን ክፍል ነው የምሰጣት፣ ፀሐይ የሚገባበትን። ፀሐይ ትወድ ነበር።»

ከማዶ ላቪኒያ በሩን ከፍታ ወደ መንገዱ ወጥታ ቆማ ነበር። አይታናለች፤ እየሮጠች ትመጣለች። ስለ ሀና የሚነገረውን የምትነግረው እህቱ ናት፤ የእኔ ድርሻ አልነበረም።

«አዎ» አልኩት። «ፀሐይ ትወዳለች።»